«ምንም አልተገኘም» ሲላችሁ ቶሎ አትመኑ፦ በፌዴራላዊ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ማኅበረሰብ የሚገኘው እንዴት ነው?

ማስቶዶን ወይም ሌሚ የሚባሉትን ማኅበራዊ ሚዲያዎች ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ካልሞከራችሁ ግድ የለም፣ ከሥር ጀምረን እናያቸዋለን። የሞከራችሁ ግን አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ሳይገጥማችሁ አልቀረም። ጓደኛችሁ «ስለ ሥነ ፈለክ የሚወራበት ግሩም ቦታ አለ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ አባላት አሉት» ይላችኋል። በራሳችሁ አካውንት ገብታችሁ ትፈልጋላችሁ። መልሱ «ምንም አልተገኘም» ይሆናል። ጓደኛችሁ አልዋሸም። መተግበሪያውም አልተበላሸም። ቦታው አለ፤ እናንተ ካላችሁበት በኩል ግን አይታይም።

ይህ ለምን እንደሚሆን ማወቅ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛው ተግባራዊ ነው፤ የምትፈልጉትን ማግኘት ትችላላችሁ። ሁለተኛው ጠለቅ ይላል፤ ኢንተርኔት ላይ ዓይናችን ፊት የሚመጣውን ነገር ማን እንደሚመርጥልን ያሳየናል።

«ፌዴራላዊ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ወደ ፖለቲካው አትሂዱ፤ የምናወራው ስለ ኮምፒውተሮች ነው። ሐሳቡ ግን ይቀራረባል፦ እያንዳንዱ የራሱ አስተዳደርና ደንብ አለው፣ ሁሉም የሚግባቡበት የጋራ ሕግም አላቸው።

ቀላሉ ምሳሌ ስልክ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ያለው ሰው የሳፋሪኮም ሲም ላለው ሰው መደወል ይችላል። ሁለቱ ድርጅቶች ተፎካካሪዎች ናቸው፤ ጥሪው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል። ኢሜይልም እንደዚሁ ነው፤ ከጂሜይል ወደ ያሁ ይላካል። እስቲ ከቴሌግራም ለፌስቡክ አካውንት መልእክት ላኩ! አይሆንም። ሁለቱም የታጠሩ ግቢዎች ናቸው፤ በር የሚከፍተውና የሚዘጋው የግቢው ባለቤት ነው።

ፌዴራላዊ ማኅበራዊ ሚዲያ እንደ ኢሜይል የሚሠራ ማኅበራዊ ሚዲያ ነው። አንድ ባለቤት የለውም። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮች አሉ፤ አንዳንዱን ዩኒቨርሲቲ፣ አንዳንዱን የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር፣ አንዳንዱን ደግሞ ቤቱ ቁጭ ያለ አንድ ሰው ያስተዳድረዋል። የሚግባቡበት የጋራ ደንብ አክቲቪቲፐብ ይባላል፤ የድረ ገጽ መመዘኛዎችን የሚያወጣው ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሰርቲየም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 በይፋ አጽድቆታል። በዚህ ደንብ የተሳሰሩት ሰርቨሮች ባንድነት «ፌዲቨርስ» ይባላሉ።

ፌዲቨርስ ውስጥ ብዙ ዓይነት ሶፍትዌር አለ። ኦይገን ሮችኮ የተባለ ፕሮግራመር ጀርመን ውስጥ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ያደረገው ማስቶዶን ትዊተርን ይመስላል፤ የምትከታተሉት በዋናነት ሰዎችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው ሌሚ (ከሎሚ ጋር ዝምድና የለውም) ደግሞ ሬዲትን ይመስላል፤ ሰዎች የሚሰባሰቡት በርዕስ ዙሪያ ነው። ስለ ወፍ፣ ስለ ፊዚክስ፣ ስለ ጥገና የሚወራበት አንድ አንድ ቦታ ይከፈታል፤ ያ ቦታ «ማኅበረሰብ» ይባላል። ስለ ማኅበረሰብ ማግኘት ስናወራ ሌሚ ጥሩ ምሳሌ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ እሱ ላይ እንቆያለን።

ሌሚን ብዙ ሰው ያወቀው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። በዚያ ዓመት ሬዲት ሌሎች መተግበሪያዎች ከእሱ መረጃ ለመውሰድ እንዲከፍሉ ወሰነ። አፖሎ የተባለው ተወዳጅ መተግበሪያ ሠሪ ሒሳቡን ሲያሰላው በዓመት ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር መጣበት፤ መተግበሪያውን ዘጋ። በጁን ወር በሺዎች የሚቆጠሩ የሬዲት ማኅበረሰቦች ለተቃውሞ በራቸውን ዘጉ፤ ብዙ ተጠቃሚዎችም ወደ ሌሚ ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ የጠበቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄ ደግሞ ይኸው የእኛው ነበር፦ «የለመድኩት ማኅበረሰብ የት ነው ያለው?»

ሰርቨር የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው

አንድ ምሳሌ እንፍጠር። ሰላም ሀዋሳ ውስጥ የምትኖር ተማሪ ናት እንበል። «ሰርቨር ሀ» ላይ አካውንት አላት፤ «የኢትዮጵያ ወፎች» የሚል ማኅበረሰብ ከፈተች። ዋሽንግተን የሚኖረው ዳዊት ደግሞ «ሰርቨር ለ» ላይ ነው። ዳዊት ስለ ወፎች ቢፈልግ የሰላምን ማኅበረሰብ ያገኘዋል?

አያገኘውም። ሰርቨር ለ እንዲህ ያለ ማኅበረሰብ ስለመኖሩ ማንም አልነገረውም። ዳዊት ሲፈልግ መተግበሪያው የሚያየው መላውን ፌዲቨርስ አይደለም፤ የሚያየው የራሱን ሰርቨር የመረጃ ቋት ነው። «ምንም አልተገኘም» ማለት «እኔ ዘንድ የለም» ማለት ብቻ ነው።

አሁን ሰላም የማኅበረሰቡን ሙሉ አድራሻ ለዳዊት ላከችለት እንበል። አድራሻው ሦስት ነገር ይዟል፦ የቃለ አጋኖ ምልክት፣ የማኅበረሰቡ ስም፣ ከ@ ምልክት በኋላ ደግሞ የሰርቨሩ ስም። በእኛ ፊደል ብንጽፈው !ወፎች@ሰርቨር-ሀ ይመስላል። ዳዊት ይህን ሙሉ አድራሻ መፈለጊያው ላይ ሲጽፍ የሚከተለው ይከናወናል።

አንደኛ፣ ሰርቨር ለ ወደ ሰርቨር ሀ ሄዶ «ወፎች የሚባል ማኅበረሰብ አለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ የሚጠየቅበት መንገድ ዌብፊንገር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ መመዘኛ ወጥቶለታል።

ሁለተኛ፣ ሰርቨር ሀ የማኅበረሰቡን መግለጫና ጥቂት የቅርብ ጊዜ ፖስቶችን ይሰጠዋል። ሁሉንም አይሰጠውም፤ የቆዩ አስተያየቶችና ድምፆች አብረው አይመጡም።

ሦስተኛ፣ ዳዊት «ተከታተል» የሚለውን ሲጫን ሰርቨር ለ ለሰርቨር ሀ የክትትል ጥያቄ ይልካል፤ ሰርቨር ሀ ይቀበላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚወጣው እያንዳንዱ አዲስ ፖስትና አስተያየት በራሱ ጊዜ ወደ ሰርቨር ለ ይደርሳል።

አራተኛው ነገር የጽሑፋችን ዋና ነጥብ ነው። አሁን የወፎቹ ማኅበረሰብ የሚታየው ለዳዊት ብቻ አይደለም፤ ሰርቨር ለ ላይ ላለ ሰው ሁሉ ነው። ነገ ሌላ ሰው «ወፍ» ብሎ ሲፈልግ ያገኘዋል፤ የሰርቨሩ አጠቃላይ ገጽ ላይም ፖስቶቹ ብቅ ይላሉ። ዳዊት ለራሱ ብሎ አንዲት ቁልፍ ተጫነ፤ ለሺህ ሰው መንገድ ከፈተ። ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሰው ግን መንገዱን ማን እንደከፈተው አያውቅም።

ለምን ሁሉም ሰርቨር ሁሉንም ነገር አይቀዳም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የሒሳብ ነው። 1,000 ሰርቨሮች ቢኖሩና እያንዳንዱ ለሌሎቹ ሁሉ የራሱን ነገር ቢልክ 1,000 × 999፣ ማለትም 999,000 የመላኪያ መስመሮች ያስፈልጋሉ። ሰርቨሮቹ 10,000 ቢሆኑ ቁጥሩ ወደ 100 ሚሊዮን ይጠጋል። ሰርቨሮቹ 10 እጥፍ ሲያድጉ መስመሮቹ 100 እጥፍ ያድጋሉ ማለት ነው። ቤቱ ውስጥ ባለ አሮጌ ኮምፒውተር ለ20 ጓደኞቹ ሰርቨር የሚያስኬድ ሰው ይህን ሁሉ ሊሸከም አይችልም። ይህን ሊሸከሙ የሚችሉት ትልልቅ ኩባንያዎች ብቻ ቢሆኑ ደግሞ ከተነሳንበት ተመለስን፤ ፌዴራላዊነቱ ቀረ።

ስለዚህ መሐንዲሶቹ ቀላሉን መንገድ መረጡ፦ የተጠየቀ ነገር ብቻ ይላካል። አንድ ቁጠባም አለው። ከሰርቨር ለ 40 ሰዎች የወፎቹን ማኅበረሰብ ቢከታተሉ አንድ ፖስት 40 ጊዜ አይላክም፤ ለሰርቨሩ አንዴ ይላካል፣ 40ዎቹም ከዚያው ያነባሉ። አንድ ጋዜጣ ሰፈር ውስጥ ተዟዙሮ እንደሚነበበው ማለት ነው።

የዚህ ዋጋ ደግሞ መጀመሪያ ያየነው ዕውርነት ነው። ስለዚህ ማኅበረሰብን ከሰርቨር ሰርቨር ማሻገር ለተጠቃሚዎቹ የተተወ ሥራ ሆነ።

ትልቁ ለምን ይተልቃል? ትንሹስ በማን በኩል ይሰማል?

እዚህ ላይ ከኔትወርክ ሳይንስ ሁለት ሐሳቦች ይጠቅሙናል።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1999 አልበርት-ላስሎ ባራባሲና ሬካ አልበርት ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ነው። አዲስ የሚመጣ ሰው ብዙ ግንኙነት ካለው ጋር የመገናኘት ዕድሉ ከፍ ያለ ከሆነ፣ ጥቂቶቹ እጅግ ግዙፍ ይሆናሉ፤ አብዛኞቹ ትንሽ ሆነው ይቀራሉ። በሌሚ ላይ ይህ በግልጽ ይሠራል። 10,000 ተከታታይ ያለው ማኅበረሰብ ብዙ ሰርቨሮች ላይ ቢያንስ አንድ ሰው ስለሚኖረው ብዙ ቦታ ይታያል፤ ስለሚታይም ተጨማሪ ተከታታይ ያገኛል። 5 ተከታታይ ያለው ግን በአምስት ሰርቨሮች ላይ ብቻ ሊታወቅ ይችላል። ጥራቱ ከዚያኛው ቢበልጥም እንኳ!

ሁለተኛው ሐሳብ የሶሲዮሎጂስቱ የማርክ ግራኖቬተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ ቦስተን አጠገብ የሚኖሩና በሚያውቁት ሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎችን «ያ የነገራችሁ ሰው ምን ያህል ትገናኛላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከሚገናኙት ሰው የሰሙት ከ6 ሰዎች 1ዱ ያህል ብቻ ነበሩ። የቀሩት የሰሙት አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ሰው ነው። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? የቅርብ ጓደኛችሁ የሚያውቀውን እናንተም ታውቁታላችሁ። አዲስ ወሬ የሚመጣው ሌላ ሰፈር ከሚውለው ሰው ነው።

ሁለቱን ስናጋጥማቸው መልሱ ይመጣል። አንድ ማኅበረሰብ ሰርቨር ሀ ላይ ባሉ 200 ሰዎች ዘንድ ቢታወቅ ከሰርቨር ሀ ውጪ ያለው ሰው አሁንም አያየውም። ከ200ዎቹ አንዱ ሌላ ሰርቨር ላይ ላለ አንድ ሰው አድራሻውን ቢነግረው ግን ሌላ ሰፈር ተከፈተ። በፌዲቨርስ ላይ ከመቶ ላይክ ይልቅ አንድ በትክክል የተላከ አድራሻ ይበልጣል።

ለማግኘት ምን ላድርግ?

ሙሉ አድራሻውን ካወቃችሁ ስሙን ብቻ ሳይሆን ከምልክቶቹ ጋር ሙሉውን ጻፉት። ሰርቨሩ ሄዶ እስኪያመጣው ጥቂት ሰከንድ ሊፈጅ ስለሚችል አንዴ ደግማችሁ ሞክሩ።

አድራሻውን ካላወቃችሁ ከሰርቨራችሁ ውጪ ያለ ማውጫ ተጠቀሙ። ሌሚ ኤክስፕሎረር የሚባለው ድረ ገጽ ሰርቨሮቹን እየዞረ ማኅበረሰቦቻቸውን ይመዘግባል፤ በርዕስና በተከታታይ ብዛት መፈለግ ይቻላል። ትልልቅ ሰርቨሮች ላይ ደግሞ ሥራቸው አዳዲስ ማኅበረሰቦችን ማስተዋወቅ ብቻ የሆነ ማኅበረሰቦች አሉ፤ አንዱን መከታተል ብዙ በር ይከፍታል።

አሁንም ካልተገኘ ሦስተኛ ምክንያት ሊኖር ይችላል፦ ሁለቱ ሰርቨሮች ተቆራርጠዋል። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ቢሃው የተባለው የሌሚ ሰርቨር ሌሚ ዶት ወርልድን ጨምሮ ከሁለት ትልልቅ ሰርቨሮች ጋር የነበረውን ግንኙነት አቋረጠ፤ ከዚያ የሚጎርፈውን ሰው ጥቂት አወያዮቻቸው ሊቆጣጠሩት እንዳልቻሉ ተናግረዋል። ሰርቨሮች ከማን ጋር እንደተቆራረጡ የሚያሳይ ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ በገጻቸው ላይ ስላለ ማየት ትችላላችሁ።

ለማካፈልስ?

ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት የድረ ገጹን ሊንክ ገልብጦ መላክ ነው። ያ ሊንክ ተቀባዩን የሚወስደው ወደ እናንተ ሰርቨር ነው፤ እሱ ደግሞ እዚያ አካውንት የለውም። ያያል፣ መከታተል ግን ያቅተዋል፤ ይተወዋል። በቃለ አጋኖ የሚጀምረውን አድራሻ ስትልኩለት ግን በራሱ ሰርቨር በኩል ይከፍተዋል።

አዲስ ማኅበረሰብ ከከፈታችሁ ሳታስተዋውቁ በፊት ጥቂት ጥሩ ፖስቶች ጻፉ። ሌላ ሰርቨር መጀመሪያ ሲያመጣው ጥቂት ፖስት ብቻ እንደሚቀበል አይተናል፤ ያቺ ጥቂት ባዶ ከሆነች የመጣው እንግዳ ቤቱ ሰው የሌለው መስሎት ይመለሳል። ከመክፈታችሁም በፊት ግን ፈልጉ፤ በዚያው ርዕስ ሌላ ሰርቨር ላይ ትንሽ ማኅበረሰብ ካለ እሱን ማጠናከር ሁለት ባዶ ቤት ከመሥራት ይሻላል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የጻፋችሁት ነገር በብዙ ሰርቨሮች ላይ ይቀዳል። ስታጠፉት «አጥፉት» የሚል መልእክት ይላካል፤ ግን የሌላውን ሰው ሰርቨር ማስገደድ አይቻልም። ስልክ ቁጥር፣ አድራሻ፣ የትምህርት ቤት ስም የመሳሰለውን አትለጥፉ።

አማርኛ ሲሆን ምን ይለያል?

ማስቶዶን ላይ ርዕስ የሚገኘው በአብዛኛው በሃሽታግ ነው። በፊደላችን ሃሽታግ መጻፍ ይቻላል፤ ግን ሃሽታግ የሚመሳሰለው ፊደል በፊደል ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። የመጀመሪያው ፊደል ጸ ወይም ፀ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል። 2 × 6 = 12። ለእኛ ጆሮ አንድ የሆነው ቃል ለኮምፒውተሩ 12 የተለያዩ ሃሽታጎች ነው! አሥራ ሁለት ሰዎች ስለ ፀሐይ ግርዶሽ እየጻፉ አንዳቸውም ሌላውን ላያገኙት ይችላሉ።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ስትፈልጉ ሁለት ሦስቱን አጻጻፍ ሞክሩ። አንድ ማኅበረሰብ ስትመሠርቱ ደግሞ የምትጠቀሙበትን አንድ ሃሽታግ መግለጫው ላይ በግልጽ ጻፉት። እንግሊዝኛ ሁለት ቃል ሲያጣብቅ በትልልቅ ፊደል ይለያል፤ እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለን #የሕዋ_ሳይንስ እያልን በታች ሰረዝ ብንለይ ለማንበብም ይቀላል። በሌሚ ላይ የማኅበረሰቡ አድራሻ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ የሚታየው ርዕስና መግለጫው ግን በአማርኛ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ተጠቀሙበት፤ በአማርኛ የሚፈልግ ሰው የሚያገኛችሁ በዚያ ነው። ፖስት ስታወጡም የቋንቋ ምርጫውን «አማርኛ» ላይ አድርጉት፤ አንባቢ በቋንቋ ሲያጣራ እንዳትቀሩ።

ይህ ለምን ያሳስበናል? አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ፣ ዱባይ የሚኖር አማርኛ አንባቢ በተለያዩ ሰርቨሮች ላይ ተበትኖ ሊገኝ ይችላል። ቁጥሩ ትንሽ በሆነ ጊዜ አንድ ያልተከፈተ መንገድ ብዙ ያጎድላል።

ቤቱ ቢፈርስስ?

ማኅበረሰብ በብዙ ሰርቨር ይታይ እንጂ መኖሪያው አንድ ነው። ፖስቶቹ ሁሉ የሚያልፉት በዚያ ቤት በኩል ነው። ቤቱ ከተዘጋ ሌሎቹ ዘንድ ያለው ቅጂ ይቀራል፤ ግን ከዚያ ወዲያ አንዱ የጻፈው ለሌላው አይደርስም።

ይህ በተግባር ታይቷል። ከትልልቆቹ የሌሚ ሰርቨሮች አንዱ የነበረው ሌም ዶት ኢኢ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 መጨረሻ ተዘጋ። አስተዳዳሪዎቹ የሰጡት ዋና ምክንያት ሥራውን የሚሸከም በቂ ሰው አለመኖሩን ነው። እዚያ የነበሩ ማኅበረሰቦች በጥቂት ሳምንት ውስጥ አዲስ ቤት መፈለግ ነበረባቸው፤ ማኅበረሰብን ከነተከታታዮቹ አንስቶ የሚያዛውር ቁልፍ ስለሌለ እያንዳንዱ ሰው አዲሱን አድራሻ ሰምቶ እንደገና መከታተል ነበረበት። የነበረው መሣሪያ ያው ነው፦ አድራሻውን ለሰው መንገር።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? ስለዚህ መኖሪያ ስትመርጡ የሚያስተዳድሩት ስንት ሰዎች እንደሆኑ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ ደንቡ ምን እንደሚል አንብቡ። የማኅበረሰባችሁንም አወያይነት ለብቻችሁ አትያዙት።

በተለመዱት ማኅበራዊ ሚዲያዎች ላይ ምን እንደምናገኝ የሚወስነው አልጎሪዝም ነው፤ አልጎሪዝሙን ደግሞ የሚያዘው ባለቤቱ ነው። ምቹ ነው፤ ምንም ሳንለፋ ነገር ይቀርብልናል። በፌዲቨርስ ላይ ያ ምቾት የለም። በምትኩ ሰርቨራችሁ የሚያየው ዓለም እናንተና ጎረቤቶቻችሁ ያስገባችሁት ዓለም ነው። ቀጥሎ «ምንም አልተገኘም» ሲላችሁ ሙሉ አድራሻውን አምጡና አስገቡት፤ ምናልባት በሰርቨራችሁ ላይ የመጀመሪያዎቹ ትሆናላችሁ።